አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

ሰው በታመመ ጊዜ ጐረቤት ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል። ገብቶም «እንዴት አደረ? እህል ቀመሰ ወይ? እንቅልፍስ ወሰደው ወይ?» ይላል። ከራስጌው ቆማ ውሃ የምታቀብለውን፥ ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው ያደረችውን ሴት ግን «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» የሚላት ከብዙው አንድ ቢገኝ ነው። ይህ በሕመም ሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከመጠጥ ወይም ከሌላ ሱስ ለመዳን በሚታገል ሰው ቤት እጅግ ይብሳል። በሌላው ሕመም ጠያቂ ይመጣል፤ በዚህኛው ሕመም ግን ጠያቂው አይመጣም፥ ቤተ ሰቡም ገበናው እንዳይገለጥበት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ የምናገረው ስለ ጠጪው አይደለም። ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። እኔ የምናገረው በአጠገቡ ስላሉት፥ ስለ ሚስቱ፥ ስለ እናቱና ስለ ልጆቹ ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ከሱስ የሚድነውን ሰው የሚያስታምም ሁሉ ለራሱ እንቅልፍ፥ ለራሱ ምግብ፥ ለራሱ ጤናና ለራሱ ወዳጅ መጠንቀቅ ይገባዋል። ይህም ቅንጦት አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ይህን ነገር ያስተማረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ነቀምቴ ከተማ ውስጥ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ንባቧ የጠራ፥ ሒሳቧም የፈጠነ ነበረ። በአንድ ዓመት ግን ከጥቅምት ወር ጀምራ በማለዳው ትምህርት ላይ ማንቀላፋት አበዛች። አንድ ቀን በመጽሐፏ ላይ ተደፍታ ተኝታ ባገኘኋት ጊዜ ስንፍና መስሎኝ በጓደኞቿ ፊት ገሠጽኋት፤ እስከ ዕረፍት ሰዓትም ድረስ አቆምኋት። እርስዋም አላለቀሰችም። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። የተቀጣ ልጅ ያለቅሳል ወይም ያኰርፋል፤ እርስዋ ግን እንደ ዘበኛ ቆማ በሩን ትመለከት ነበረ።

በዕረፍት ጊዜ ለብቻዋ ጠርቼ «ልጄ፥ ሌሊት ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የኔታ፥ አባባን እጠብቃለሁ» አለችኝ። ከብዙ ዝምታም በኋላ ነገሩን አወጣችው። አባቷ ለብዙ ዘመን አረቄ ይጠጣ ነበረ፤ አሁን ግን መጠጡን ከተወ አራተኛ ወሩ ነው። ማታ ከሥራ በተመለሰ ጊዜ እናቷ ልጅቱን ወደ በር ትልካታለች። ልጅቱም የአባቷን አንገት አቅፋ ትስመዋለች። የምትስመውም አፉ አረቄ ይሸት እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ከዚያም ወደ እናቷ ዘወር ብላ ራስዋን ትነቀንቃለች፤ «የለም» ማለቷ ነው። ሌሊትም እናትና ልጅ በተራ ይነቃሉ፤ ኮሽ ባለ ቍጥርም «ተነሥቶ ሊወጣ ይሆንን?» እያሉ ያዳምጣሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅ አባቷን መሳሟ የፍቅር ምልክት ነበረ፤ በዚያ ቤት ግን የፍተሻ ሥራ ሆነ። አባትየው መጠጡን ትቶት ነበረ፤ መጠጡ ግን ገና ቤቱን አልተወም ነበረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አባትየው በሥራ ላይ ነበረ። እናቲቱ በአክብሮት ተቀብላኝ ቡና ልታፈላ ተነሣች። «ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ እየተሻለው ነው» አለችኝ። «እርስዎስ?» ብላት «እኔማ ምን እሆናለሁ የኔታ፤ እርሱ ይዳንልኝ እንጂ» አለች። ይህን ስትል ግን ሲኒውን የያዘው እጅዋ ይንቀጠቀጥ ነበረ። ጥቂት በጥቂትም ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ከማኅበሯ ከቀረች ዓመት አልፏታል። የዕድሩን ገንዘብ በልጅ እጅ ትልካለች እንጂ ከሰው ጋራ አትቀመጥም። የደም ግፊት እንዳለባት በጤና ጣቢያ ከተነገራት በኋላ መድኃኒቱን ጀምራ አቋርጣለች፤ ለመድኃኒት የሚሆነውን ገንዘብ ለእርሱ ሥጋና ማር ትገዛበታለች። የበሩን ቍልፍ ከትራሷ በታች፥ ገንዘቡን በበርበሬው ዕቃ ውስጥ ትሸሽጋለች። ከባልዋም ጋራ ከመጠጥ ነገር በቀር ሌላ ወሬ ካወሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

እኔም በዚያ ቤት ሦስት ሕመምተኞች እንዳሉ አየሁ፤ መድኃኒት የሚፈለገው ግን ለአንዱ ብቻ ነበረ።

በአገራችን እንዲህ ያለችውን ሴት እናመሰግናታለን። «ስለ ባልዋ እንደ ጧፍ ነድዳ አለቀች» እንላለን። እኔ ግን ይህ ምስጋና ብዙ ሴቶችን እንደ ጐዳ አምናለሁ። ጧፍ ሲነድድ ለጥቂት ሰዓት ያበራል፤ ካለቀ በኋላ ግን ቤቱ ያው ጨለማ ነው። ከሱስ መዳን ደግሞ የጥቂት ሰዓት ሥራ አይደለም።

የሕክምና ሊቃውንት ስለዚህ ሕመም የሚያስተምሩትን ማወቅ ይጠቅማል። ሱስ የጠባይ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የአእምሮን ሥራ የሚለውጥ ሕመም ነው። ለብዙ ዘመን በየቀኑ ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም፥ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱም የሌለውን ነገር ያያል፤ እንደሚጥል በሽታም ያንፈራግጠዋል። ይህ ሊገድል የሚችል ነገር ስለ ሆነ በቤት ዘግቶ ማስተው አይገባም፤ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል እንጂ። እነዚያ ቀኖች ካለፉ በኋላም ምኞቱ ቶሎ አይጠፋም። ብዙ ሰው ከተወ በኋላ ተመልሶ ይወድቃል፤ እንደ ገናም ይነሣል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮና በሱስ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደዚያ የደረሰውም ሰው ቢሆን በሆስፒታል የሚቆየው ጥቂት ሳምንት፥ በቤቱ የሚኖረው ግን ዘመኑን ሙሉ ነው። እንግዲህ ዋናው ሆስፒታል ቤቱ ነው፤ አስታማሚዎቹም ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ዓመታት ለሚፈጅ ሥራ የተጠራ ሰው ጕልበቱን በመጀመሪያው ወር ቢጨርስ በሁለተኛው ወር ምን ይሠራበታል?

ደግሞም ጥበቃ ብቻውን ሰውን አያድንም። ሚስት ስለ ባልዋ ልትበላለት እንደማትችል፥ መጠጡንም ልትተውለት አትችልም። የሚተወው ራሱ ነው። ቀንና ሌሊት የሚጠበቅ ሰው ጠባቂውን ማታለል ይማራል፤ የምትጠብቀውም ሚስት የራስዋን ሰላም በእርሱ እግር ላይ ታስራለች። እርሱ በደኅና ከገባ ትተነፍሳለች፤ ከዘገየ ትሞታለች። በኦሮምኛ ሚስትን ሃዳ ወራ ይሏታል፤ የቤተ ሰቡ እናት ማለት ነው። የአንዱ ሰው ዘበኛ ማለት አይደለም።

ከዚህም በላይ ራሱን የረሳ አስታማሚ ሳያውቀው መራራ ይሆናል። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው ብዙ ዓመት በመጠጥ ተሸንፎ ከኖረ በኋላ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. መጠጥን ፈጽሞ ተወ። በሚቀጥለውም ዓመት ከአንድ ሐኪም ጋራ ሆኖ ጠጪዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበትን ማኅበር መሠረተ። ሚስቱ ሎይስ ግን ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ አብራው ኖራ፥ እርሱን ከመጠጥ ለማላቀቅ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ከተወም በኋላ አንድ ቀን «ቶሎ በዪ፥ ስብሰባው እንዳያመልጠን» ባላት ጊዜ በእጅዋ የነበረውን ጫማ ወረወረችበት። በኋላም በራስዋ ተደነቀች። ስትለምነው የኖረችው ነገር ተፈጽሞ ሳለ ስለ ምን ተቈጣች? ራስዋን ስትመረምር ምክንያቱን አገኘችው፤ ዘመኗን ሁሉ ያጠፋችበትን ሥራ ሌሎች በጥቂት ጊዜ ፈጸሙት፤ እርስዋም ባልዋን ከማዳን በቀር ለራስዋ ያስቀረችው ሕይወት አልነበራትም። ከዚህ በኋላ የጠጪዎች ሚስቶችና ዘመዶች ስለ ባሎቻቸው ሳይሆን ስለ ራሳቸው የሚመካከሩበትን አል አኖን የተባለውን ማኅበር በፈረንጅ 1951 ዓ.ም. ከአንዲት ባልንጀራዋ ጋራ አቋቋመች። ዛሬ ይህ ማኅበር በብዙ አገሮች ይገኛል። ያ ጫማ በእኛም ቤቶች አለ፤ አንዳንዷ በቃል ትወረውረዋለች፥ አንዳንዷም በዝምታ።

አንዳንድ ሰው «ይህ ትምህርት ከራስ በላይ ነፋስ የሚሉት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ሰው ባልንጀራውን ትቶ ይሄዳል፤ እኔ የምመክራት ሴት ግን ባልንጀራዋን ለመርዳት እንድትበረታ ትበላለች፥ ትተኛለች። ነቢዩ ኤልያስ ከንግሥቲቱ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጐቻና ውሃ ነበረ። በላ፥ ጠጣ፥ ተኛ፤ ሁለተኛም ተነሥቶ በላ። አርባ ቀን የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። በከኒሳ ማለትም በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው። ከበታቹ ሰውም ከብትም ይጠለላል። ነገር ግን ብሳናው ራሱ ቅጠሉ ሲያረጅ ወደ ብርቱካን መልክ ይለወጥና ይረግፋል፤ ዛፉም አዲስ ቅጠል ያወጣል። ያረጀውን ሳይጥል አዲሱን ቢፈልግ ኖሮ ጥላው ባልቆየም ነበረ።

ሌላው ደግሞ «ገበናን ለሰው ማውጣት ነውር ነው» ይላል። እኔም ገበናን በገበያ መዝራት አይገባም እላለሁ። ዳሩ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሁሉ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ታማኝ ሰው መንገር ግን ሌላ ነው። እኅት ብትሆን፥ የንስሐ አባት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሆን፥ በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ብትሆን፥ ምሥጢር የምትጠብቅ ጐረቤትም ብትሆን፥ አንድ ሰው ነገሩን ሊያውቅ ይገባል። ሸክም ለሁለት ሲያዝ ክብደቱ ባይቀንስም ትከሻው ያርፋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ለሚኖሩ ሁሉ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፥ ሌሊት ለእንቅልፍ የተሰጠ ነው። ሊወጣ የፈለገ ሰው አንቺ ነቅተሽ ብታድሪም ይወጣል፤ ሳይወጣ ያደረ እንደ ሆነ ደግሞ እንቅልፍሽን በከንቱ አጥተሻል።

ሁለተኛ፥ የራስሽን መድኃኒት አታቋርጪ። የደም ግፊትሽ መድኃኒት ለልጆችሽ ከሥጋና ከማር ይልቅ ይጠቅማቸዋል፤ እናት ብትወድቅ የሚያነሣቸው የለምና።

ሦስተኛ፥ ልጅን ዘበኛ አታድርጊ። ልጅ የአባቱን አፍ እንዲያሸት፥ ኪሱን እንዲፈትሽ፥ ከመጠጥ ቤትም እንዲጠራው መላክ አይገባም። ነገሩን ግን ከልጅ ፈጽሞ መደበቅ አይቻልም። «አባትህ ታሟል፤ እየዳነ ነው፤ ሕመሙም ባንተ ጥፋት የመጣ አይደለም» ብሎ በቀላል ቃል መንገር ይበቃል።

አራተኛ፥ ገንዘብን በሥውር ከመሸሸግ ይልቅ ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት ተቀምጣችሁ «ደመወዙን ማን ይያዝ? ለቤት ስንት ይሁን?» ብላችሁ ተስማሙ። በስምምነት መያዝ ጥንቃቄ ነው፤ በሥውር መሸሸግ ግን ጦርነት ነው። ይልቁንም ቡና በሚሸጥበት ወራት፥ በገበሬውም በነጋዴውም እጅ ገንዘብ በሚገባበት ጊዜ ይህ ስምምነት እጅግ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ ለራስሽ የሚሆን ሰዓት ለይተሽ ያዢ። ወደ ማኅበርሽ ተመለሺ፤ በዕድሩ ተቀመጪ፤ ጐረቤትሽ ቡና ስትጠራሽ ሂጂ። በዚያም ስለ ባልሽ ሕመም ሳይሆን ስለ ዘርና ስለ ዝናም አውሪ፤ ሳቂም።

ስድስተኛ፥ ትዕግሥት ማለት መደብደብ ማለት አይደለም። ጠጥቶ እጁን ቢያነሣ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ዘመድ መሄድ፥ ለሽማግሌና ለሕግ ማስታወቅ ክህደት አይደለም። ነፍስን ማዳን ነው።

ይህን የምለው ለሚስቶች ብቻ አይደለም። ልጁ በጫት ወይም በሌላ ሱስ የተያዘበት አባት፥ ወንድሟን የምታስታምም እኅት፥ ሚስቱ የምትጠጣበት ባል ሁሉ ነገሩ ስለ ራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ይቍጠረው።

ነገር ግን ምክሩን ሁሉ በአስታማሚዋ ትከሻ ላይ ጭነን ብንሄድ እኛም በዳዮች ነን። እንቅልፍ አጥታ የምትሠራ ድኻ ሴት «ዕረፊ» ብትባል «ማን ሠርቶልኝ?» ማለቷ እውነት ነው። እዚህ ላይ የጐረቤት ሥራ ይጀምራል። እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፥ እንጀራ ጋግረን ሦስት ቀን አብረን የምንቀመጥ ሕዝብ ነን። ለሚድን ሰው ቤትስ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ብንይዝ፥ አንድ ሌሴ እንጀራ ብንጋግር፥ አንድ ባልዲ ውሃ ብንቀዳ ምን ይከብደናል? በሠርግና በተዝካርም ላይ «በሞቴ፥ አንዲት ብቻ» እያልን ብርጭቆ በእጁ የምናስይዘው እኛው ነን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል፤ አዋጅ ግን የጐረቤትን አንደበት አይዘጋም። አንድ ጊዜ «አልጠጣም» ያለ ሰው ሁለተኛ አይለመን። አረቄ የምታወጣውንም ሴት ለመርገም አንቸኵል፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ በገሾና በዳጉሳ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት። ሌላ ሥራ እንድታገኝ መርዳት ከመርገም ይሻላል።

ስለዚያች ልጅ ቤት የሆነውን ነግሬ ልጨርስ። እናቲቱ ምክሬን ወዲያው አልተቀበለችም፤ «እኔ ከተኛሁ እርሱ ይወድቃል» አለችኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እኅቷን ከጊምቢ አስጠርታ ነገሩን ነገረቻት፤ መድኃኒቷንም እንደ ገና ጀመረች። ልጅቱም በር ላይ መጠበቋን ተወች። በጥር ወር፥ ቡናው በተሸጠበት ሰሞን፥ አባትየው አንድ ሌሊት ጠጥቶ ገባ። ቀድሞ ቢሆን እናቲቱ እስከ ንጋት ስትጮህና ስታለቅስ ታድር ነበረ። በዚያ ሌሊት ግን በሩን ከፈተችለት፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ውስጥ ገብታ ተኛች። ሲነጋ «ትናንት ወድቀሃል፤ ዛሬ ወንድምህ ወደ ሐኪም ይወስድሃል» አለችው፤ እርሱም አፍሮ ሄደ። ይህን በጻፍሁ ጊዜ ከዚያ ወዲህ አልጠጣም። ነገ ምን እንደሚሆን ግን እርስዋም አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር፥ የዚያ ቤት ሰላም በእርሱ አንድ ብርጭቆ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረቱን ነው ያቆመው። ልጅቱንም በጓደኞቿ ፊት እንደ ገሠጽኋት በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ዛሬ በማለዳው ትምህርት ላይ አታንቀላፋም።

ስለዚህ፥ ልጆቼ ሆይ፥ እናንተም አንባቢዎች ሆይ፥ ወደ ሕመምተኛ ቤት በገባችሁ ጊዜ ሕመምተኛውን ከጠየቃችሁ በኋላ ዓይናችሁን ወደ ራስጌው መልሱ። በዚያ ቆማ ያለችውን «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» በሏት። «እኔማ ምን እሆናለሁ» ብትላችሁም አትመኑ፤ ጥቂት ቈይታችሁ ሁለተኛ ጠይቋት።